ከማሽላ ማሳ የተረፈው ካሴት

ሱቄ የሚገባ ሰው ሁሉ መደርደሪያዬን ሲያይ ስብከት ይመስለዋል። አይፈረድበትም። በዚህ ዘመን ደብረ ብርሃን ላይ ካሴት ደርድሮ የሚያስቀምጥ ሰው ወይ የድሮ ስብከት የሚወድ ነው፣ ወይ ዕቃ መጣል የማይሆንለት። እኔ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ ማመልከቻ እተይባለሁ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እጠርዛለሁ። ከጀርባዬ የተደረደረው ግን ሮክ ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት የልጃቸውን የልደት ካርድ ኮፒ እየጠበቁ «የማን ስብከት ነው? እስቲ አሰሚኝ» አሉኝ። አሰማኋቸው። ጊታሩ ሲጮህ «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ከበሮው ግን ደህና ነው» አሉ። እንዲህ ዓይነት ሰው እወዳለሁ።

ሮክ ስል በየሙዚቃ ቤቱ ይሸጥ የነበረውን አይደለም። በደርግ ጊዜ በየፋብሪካውና በየትምህርት ቤቱ የኪነት ቡድን ነበር፤ ኤሌክትሪክ ጊታርና ድራም ይሰጠው ነበር። ቀን የታዘዙትን መዝሙር ሲያጠኑ ውለው፣ ኃላፊው ወደ ቤቱ ሲሄድ ጊታሩን አስጩኸው የልባቸውን የሚጫወቱ ልጆች ነበሩ። ከነዚህ ጥቂቶቹ በአንድ ቴፕ ይቀዱታል፣ በሌላ ቴፕ ያባዙታል፣ ሽፋኑ ላይ በእጃቸው ጽፈው ለወዳጅ ያድሉታል። ማንም አላሳተመውም፣ ማንም አልመዘገበውም። እኔ የምፈልገው እሱን ነው።

ለምን እንደምሰበስብ ለሚጠይቀኝ አጭሩ መልሴ «ደስ ስለሚለኝ» የሚል ነው። ረጅሙ መልስ የሚጀምረው ከስድስተኛ ክፍል ነው። የትምህርት ቤታችን የኪነት ቡድን አንድ ቀይ ኤሌክትሪክ ጊታር ነበረው። ለመመዝገብ ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ ጣቴን ወደ ጊታሩ ቀሰርኩ። መምህሩ ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ደግ ነበር። «አንቺ ውዝዋዜ ነሽ» ብሎ ስሜን ከልጃገረዶቹ ጋር ጻፈው። ሁለት ዓመት ሙሉ ትከሻዬን ስሰብቅ ኖርኩ፤ ጊታሩን አንድም ቀን ሳልነካው ትምህርት ቤቱን ለቀቅኩ። ሳወራው ትንሽ ነገር ይመስላል። ያን ጊዜ ቅር ብሎኛል፣ እስከ ዛሬም ቅር ይለኛል።

ካሴት ፍለጋ የማልገባበት የለም። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹ ያውቁኛል፤ የጭነት መኪና ሹፌር የረሳውን ካሴት ያስቀምጡልኛል። ዋናው ጎተራዬ ግን ቆላው ነው። ከአንኮበር ቁልቁል ወርዶ አልዩ አምባ አካባቢ ማሽላ ሲያሸት፣ ገበሬው ወፍ የሚያባርረው በካሴት ክር ነው። ክሩን ከካሴቱ እየመዘዘ ከእንጨት እንጨት ይወጥረዋል። ነፋስ ሲነካው ያብለጨልጫል፣ ዝዝዝ እያለ ይንጫጫል፣ ወፉም ይሸሻል። ሌላው ሰው ቁልቁል እያየ ተራራውንና ገደሉን ሲያደንቅ እኔ ስንት ዘፈን ማሽላ ላይ እንደተሰቀለ እያሰብኩ እቆጫለሁ።

በኋላ ዘዴ ዘየድኩ። የስጦታ መጠቅለያ ጥብጣብ አለ አይደል፣ ያ የሚያብረቀርቀው፣ እሱን በጥቅል በጥቅል እያስመጣሁ ማሽላ ሲደርስ ይዤ መውረድ ጀመርኩ። ጥብጣብ እሰጣለሁ፣ ካሴት እወስዳለሁ። አንድ ዓመት እንዲሁ ስዞር አንድ ሽማግሌ ገበሬ ማሳቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ደረስኩባቸው። ከጎናቸው የማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ካሴት አለ። አንዱን በእጃቸው ይዘው እየመዘዙ ነው።

«አባ! እባክዎ ያቁሙ!» ብዬ ጮህኩ።

«አስደነገጥሽኝ! ምን ነካሽ?»

«እሱን አይምዘዙት። ይኸው ከሱ የሚሻል አምጥቻለሁ።»

ጥብጣቡን ፀሐይ ላይ አገላብጠው አዩት። «ማሻአላህ! ይሄማ ወፉን ብቻ አይደለም፣ ዝንጀሮውንም ያባርራል።» ከዚያ እኔን ደግሞ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ወላሂ ልጄ፣ አንቺ እብድ ነሽ ወይስ ነጋዴ?»

«ሁለቱም ነኝ፣ አባ።»

ሳቁና ከረጢቱን ገፋ አደረጉልኝ። እጃቸው ላይ ከነበረው ካሴት የመጀመሪያው ክፍል ቀደም ሲል ተመዞ ማሳውን ዞሮታል። ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቀውበት ነጥቷል፣ ተጨማድዷል። ቆርጬ ተውኩት። የተረፈውን እዚያው ቁጭ ብዬ በእስክሪብቶ አጠነጠንኩት። ሽፋኑ ላይ «ለመታሰቢያ፣ ከፋብሪካው ልጆች» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። የዚያ ዘመን ካሴቶች መግቢያ አላቸው። አንዱ ልጅ ማይክ ይዞ በድምፅ እገሌ፣ በጊታር እገሌ እያለ የተጫዋቾቹን ስም ይጠራል። የዚህኛው መግቢያ ማሽላው ላይ ቀረ።

ቤቴ ያለው ቴፕ የአባቴ ነበር። ሞተሩ ተቃጥሎበት፣ ሠፈራችን ያለ አንድ ጠጋኝ ከሌላ ቴፕ ሞተር አውጥቶ ገጠመልኝ። ሲመልስልኝ «አሁን እንደ ፈረስ ነው» አለኝ፤ እኔም መርቄው መጣሁ። ያቺን ቃሉን ያዙልኝ።

ከካሴቱ የተረፉት ሦስት ዘፈኖች ናቸው። ሁለቱ ደህና ናቸው። ሦስተኛው ሲጀምር ግን እጄ ላይ የነበረውን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። የሴት ልጅ ድምፅ ነው፣ ቀጭን ግን ጠንካራ። «ብርድ ልብስ ስሠራ ውዬ፣ ብርድ ልብስ የለኝም ማታ» ትላለች። ያን ጊዜ ይህን መዝፈን ዋዛ አልነበረም። ጊታሩ ከሥሯ እየተነጫነጨ ይከተላታል፤ አንደኛው ክር ሲመታ የሚንዘረዘር፣ ጥርስ የሚያሳክክ ድምፅ አለው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እኔ «አንቺ ውዝዋዜ ነሽ» በተባልኩበት ዘመን፣ ከትምህርት ቤታችን በእግር ብዙ በማያስኬደው ብርድ ልብስ ፋብሪካ አንዲት ልጅ በዚህ ጊታር ፊት ማይክ ጨብጣ ቆማ ነበር። አንዷ እንኳ ችላ ነበር። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ቴሌግራም ላይ ቻናል አለኝ፤ ያገኘሁትን ሁሉ እዚያ እለቃለሁ። ይህንንም «ያልታወቀች ዘፋኝ፣ ደብረ ብርሃን» ብዬ ለቀቅኩት። ቻናሌ ትንሽ ነው፣ ግን ሰዎቹ የዋዛ አይደሉም፤ አንዲት ዘፈን ይዘው ሳምንት ይከራከራሉ። ልጅቷን ወደዷት። ግጥም የጻፈላት አለ፤ መልኳን በሐሳቡ የሣለ አለ። ስለ ጊታሩም ተከራከሩ። ያ የሚንዘረዘረው ድምፅ ከምን መሣሪያ እንደመጣ፣ ልጁ ጊታር የት እንደተማረ፣ ስቱዲዮው የት እንደነበረ። አንድ የአዲስ አበባ ሰብሳቢ ደግሞ ለብቻዬ ጻፈልኝ። «ከቻናሉ አጥፊውና ካሴቱን ለእኔ ስጪኝ። ሁሉም ከሰማው ብርቅነቱ ምኑ ላይ ነው?» ይላል። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ነበር ማሽላ ላይ መወጠር። ሁለት ሰው ያልሰማው ዘፈን ለእኔ እንደተቀበረ ነው፤ ይህንኑ ጻፍኩለትና ኩርፊያው እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

እኔም በበኩሌ አዋቂ ሆንኩ። የቻናሌን ካሴቶች አንድ ላይ ስሰማ የሰሜን ሸዋ ዘፋኞች ሁሉ ድምፃቸው ቀጠን፣ አዘፋፈናቸው ቸኮል ያለ መሆኑን አስተዋልኩ። «የብርድ አገር ሰው ሲዘፍን ይቸኩላል» የሚል ረጅም ጽሑፍ ጻፍኩ። ሰው አደነቀው። በሴቶች ቀን ደግሞ ጋብዘውኝ፣ አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ፊት ቆሜ ስለዚያች ልጅ ተናገርኩ። «ጊታሩን የከለከሉን ሲመስላቸው፣ አንዷ ማይኩን ወስዳ ነበር» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ቤቴ የገባሁት እየተንሳፈፍኩ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ጡረተኛ ሱቄ መጡ። የጡረታ ደብተራቸውን ኮፒ እያነሣሁላቸው ዘፈኑ ተከፍቶ ነበር። ጆሯቸውን አቀኑ።

«ይሄማ የፋብሪካው ልጆች ናቸው!»

ኮፒውን ትቼ ዞርኩ። «ያውቋቸዋል?»

«ብርድ ልብስ ፋብሪካ አብሬያቸው ሠርቻለሁ እኮ። ዘፋኙ አሁን አንኮበር ነው። አባቱ ሲሞቱ አገሩ ገባ። መሪጌታ ሆኗል።»

«ዘፋኟ ማለትዎ ነው።»

«ዘፋኙ ነው የምልሽ።»

«አባባ፣ ይስሙት እስቲ፤ ሴት ናት።»

እንደገና ሰሙ። ግራ ተጋቡ። «ዘፈኑ የሱ ነው» አሉ። «ድምፁን እንጃ። እኔም አርጅቻለሁ።» ኮፒያቸውን ተቀብለው ወጡ። እኔም ተሳስተዋል አልኩ። መሪጌታው ዜማውን ደርሰውት ይሆናል፣ ልጅቷ ዘፍናው ይሆናል። የት እንዳለች ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል? በሚቀጥለው ቀን ሱቄን ዘግቼ፣ ካሴቱን በመሐረብ ጠቅልዬ የአንኮበር ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

መንገድ ላይ ሁለት ነገር ፈራሁ። አንደኛው ልጅቷ ሞታ እንዳይሆን። ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸውና «ይህን ዓለማዊ ነገር አጥፊው» እንዳይሉኝ። ካሉ አጠፋዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ግን እንዳይሉኝ ጸለይኩ። ይህን የመሰለ ጸሎት ቅዱሳኑ ጋ ደርሶ ያውቅ እንደሆነ አላውቅም።

አንኮበር ጉም ውስጥ ነበረች። የመሪጌታ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ ተደግፎ የቆመ ነው። ስልሳን ያለፉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው የፋብሪካ ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። በሶ በጥብጠው ሰጡኝ። «ይስጥልኝ፣ እትዬ» ብዬ ተቀበልኩና ፊቴን ወደ መሪጌታ አዞርኩ።

«መሪጌታ፣ አንዲት ዘፋኝ ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

«ዘፋኝ? እዚህ?» ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አገጫቸውን ቀሰሩ።

ስልኬን አውጥቼ ከፈትኩት። ሲሰሙ ፊታቸው ቀላ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ መልሰው አወለቁ። ግጥሙን ቀድመው በከንፈራቸው ይሉታል። ዘፈኑ ሲያልቅ ወደ እኔ ዞሩ።

«ግጥሙ የኔ ነው» አሉ። «ዜማውም የኔ ነው። ድምፁ ግን የኔ አይደለም። ይቺ ማናት?»

«አዩ!» አልኩ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ። «ሴት ናት! እኔም እሷን ነው የምፈልጋት።»

«ሴት እንኳ አልዘፈነችም» አሉ መሪጌታ ግራ ገብቷቸው።

«ፈጥኗል» አሉ እትዬ ከበሩ በኩል።

ዘወር ብዬም በደንብ አላየኋቸውም። «ስልክ አይፈጥንም እትዬ፣ የተቀዳውን ነው የሚያሰማው» አልኳቸው። ይህን ያልኩበትን ድምፅ ዛሬ ሳስታውሰው ያሳፍረኛል። በሴቶች ቀን አዳራሽ ሙሉ ሰው ያስለቀስኩት እኔው ነኝ።

እትዬ አልተከራከሩኝም። ተነሥተው ከጓዳ፣ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ ቴፕ አመጡ፤ ዝማሬ የሚሰሙበት ነው። እጃቸውን ዘረጉልኝ። ካሴቱን ከመሐረቡ አውጥቼ ሰጠኋቸው። በብርሃን አዩት፣ የረገበውን ክር በትንሿ ጣታቸው አጠነጠኑት፣ ከተቱትና ተጫኑት።

የወንድ ድምፅ ወጣ።

ጎልማሳ እንኳ አይደለም፤ ቀጭን፣ የዜማ ትምህርት ያለፈበት የጎረምሳ ድምፅ። ግን ወንድ ነው። መሪጌታ በሳቅ ፈነዱ። «አዎ፣ ይሄ እኔ ነኝ! ወይ ጉድ! እኔ ነኝ!»

«ባትሪው ደክሞ ነው» አልኩ።

እውነቴን ነው፣ እንደዚያ አልኩ። ባትሪ ሲደክም ቴፕ ይጎተታል፣ ድምፅ ይወፍራል፤ ማንም ያውቀዋል። እትዬ ባትሪው ትናንት እንደገባ ነገሩኝ። አላመንኳቸውም። ጉሙን ሰንጥቄ ወጣሁ፤ ከመንገዱ ዳር ካለች ኪዮስክ አዲስ ባትሪ ገዝቼ ጭቃ እያቦካሁ ተመለስኩ። እትዬ የቴፑን ጀርባ ከፍተው አዲሶቹን ከተቱ። ዘፈኑ ተጀመረ። ያው ወንድ ነው።

ያን ጊዜ የጠጋኙ ቃል ትዝ አለኝ፤ አሁን እንደ ፈረስ ነው። ፈረሱ ስንት ዓመት ሙሉ ሲጋልብ ኖሯል። የቻናሌ ካሴቶች ሁሉ፣ ዘፋኞቼ ሁሉ፣ በዚያ ቴፕ ነው የተቀዱት። የብርድ አገር ሰው ሲዘፍን አይቸኩልም። የሚቸኩለው የኔ ቴፕ ነው፤ ሲቸኩል ድምፁ ይቀጥናል። ከሌላ ሰው እጅ ቅጂ ቢኖር አንዱ «ኧረ ይሄ ነገር ሮጧል» ባለኝ ነበር። ብርቅ ነገር የመያዝ መከራው ይህ ነው፤ የሚያርምህ ሰው የለም።

«መጀመሪያውኑ ነግሬሽ ነበር» አሉ እትዬ፣ ያለ ቁጣ። «ያ ጊታር እንዲህ ቀጥኖ አይጮህም። ያቺ ሽቦም እንዲህ አትንጫጫም ነበር።»

«የቷ ሽቦ?»

«ቀጭኑ ክር ተበጥሶ፣ ሌላ ክር ከየት ይምጣ? የብስክሌት የፍሬን ሽቦ ተፈትቶ አንዷ ዘለላ ገባችበት። ዘበኛው ብስክሌት ነበረው። ፍሬኑ ለምን እንደላላ እስኪሞት አላወቀም።»

ስቱዲዮውም ስቱዲዮ አልነበረም፤ የብርድ ልብስ መጋዘን ነው። ድምፁ ያን ያህል የተሰበሰበው ዙሪያውን እስከ ጣሪያ በተከመረው ሱፍ ምክንያት ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ሁሉ ስሰማ እዘል ነበር። ያን ቀን ግን ኩም ብዬ ቀረሁ። በሶው በእጄ እንዳለ ዘቀጠ።

«ምነው፣ አዘንሽ?» አሉ መሪጌታ። «ዘፈን ዘፈነ ብለሽ ታዝበሽኝ እንዳይሆን። ለንስሐ አባቴ ያኔውኑ ተናግሬዋለሁ። ‹የበረደው ሰው በረደኝ ማለቱ ኃጢአት የለውም› ብለውኛል። ይሰማ ካልሽ ይሰማ።»

ሁለተኛው ፍርሃቴ በዚህ ተነሣልኝ። ግን ዕንባዬ መጣ። የኋላ ታሪኬን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው፤ ቀዩን ጊታር፣ ሰልፉን፣ «አንቺ ውዝዋዜ ነሽ» መባሌን፣ ያቺን ልጅ እንዴት እንዳገኘኋትና አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት እንዴት እንደኮራሁባት። «የለችም እንግዲህ» አልኩ። «ልጅቷ ድሮም አልነበረችም።»

መሪጌታ ባለቤታቸውን አዩ። እትዬ ቴፑን መልሰው ዳንቴሉን እያለበሱት ነበር።

«መግቢያውን አልሰማሽውም እንዴ?» አሉኝ መሪጌታ።

«መግቢያው የለም። አልዩ አምባ ማሽላ ላይ ነው የቀረው።»

«እንግዲያው ልንገርሽ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ በእጃቸው ማይክ የያዙ መሰሉና በዚያ ዘመን አነጋገር የራሳቸውን ስም ጠሩ፣ የድራም መቺውን ስም ጠሩ። ከዚያ «በጊታር» አሉና እጃቸውን ወደ ባለቤታቸው ዘረጉ። «እሷ ናት።»

እትዬን ያን ጊዜ ነው ያየኋቸው። ከገባሁ ሁለት ሰዓት አልፎኛል፤ በሶ ሰጥተውኛል፣ ስህተቴን ነግረውኛል፣ ካሴቱን አጠንጥነውልኛል፣ ሽቦዋን ከማን ብስክሌት እንደወሰዱ ሳይቀር አውርተውኛል። እኔ ግን በራሳቸው ላይ አልፌ ከባላቸው ጋር ነበር የማወራው። የግራ እጃቸው ጣቶች ጫፍ ጫፋቸው ደንድኗል። የጓዳ ሥራ ይሁን ጊታሩ ያደነደነው አልጠየቅኩም። ያን ዘፈን ስንት መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ድምፁን እንጂ ጊታሩን ማን እንደሚመታው አስቤ አላውቅም። ቻናሌ ላይ «ልጁ ጊታር የት ተማረ?» እያሉ ሳምንት ሲከራከሩ፣ «ልጁ» የምትለዋን ቃል አንድም ጊዜ አላረምኩም። ከዚያ ደግ መምህር በምን ተሻልኩ?

«እትዬ» አልኩ፣ «ማን አስተማረዎት?»

«ማን ያስተምረኛል? የኪነት ቡድኑ ወንዶች ምሳ ሲወጡ መጋዘኑን የማደራጀው እኔ ነበርኩ። ጊታሩ እዚያ ነበር የሚቀመጠው። ነካካሁት፤ የከለከለኝ የለም።» ወደ ባላቸው አገጫቸውን ቀሰሩ። «እሱ አንድ ቀን ማይክ ረስቶ ተመልሶ መጣና ሰማኝ። ሮጦ ለአለቃ የሚናገር መስሎኝ ነበር። በር ዘግቶ መዝፈን ጀመረ።»

«ከዚያማ አገባኋት» አሉ መሪጌታ። «ምን አማራጭ ነበረኝ?»

ሦስታችንም ሳቅን። ጊታሩ የፋብሪካው ነበርና እዚያው ቀረ። እትዬ ከዚያ ወዲህ ነክተው አያውቁም። ይናፍቅዎታል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «አይ» አሉ። ከዚያ ደግሞ «ክረምት ክረምት» አሉ።

ከተመለስኩ በኋላ የሆነውን ላሳጥረው። ቴፑን ይዤ ጠጋኙ ጋ ሄድኩ፤ «እንደ ፈረስ ነው ብዬሽ ነበር እኮ» ብሎ ሊኮራብኝ ሞከረ። የቻናሌን ካሴቶች አንድ በአንድ እንደገና እየቀዳሁ ነው፤ ስለ ብርድ አገር ሰው የጻፍኩትንም አጠፋሁት። የልጅቷ ወዳጆች አንዳንዶቹ ተቀየሙኝ፣ «የፈጠነው ይሻለን ነበር» ያሉም አሉ። ለሴቶች ቀን የጋበዙኝን ሰዎች ሄጄ፣ ያወራሁት ነገር ግማሹ ስህተት ነው፣ ግማሹ ደግሞ ካወራሁት ይበልጣል አልኳቸው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ለሚቀጥለውም እንዲጋብዙኝ ጠየቅኩ። ዘፈኑ አሁን በልኩ ይሄዳል፤ ከላዩም መግቢያ አለው።

መግቢያውን የቀዳነው የዚያኑ ቀን፣ ሚኒባሱ ሳያመልጠኝ ነው። ስልኬን መካከላቸው አስቀመጥኩ። መሪጌታ እንደ ድሮው ጀመሩ፤ በድምፅ ብለው ስማቸውን፣ በድራም ብለው የጓደኛቸውን ስም ተናገሩ። «በጊታር» ካሉ በኋላ ግን ባለቤታቸውን አዩ። እትዬ ብርድ ልብሱን ከትከሻቸው አወረዱ። ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው ስማቸውን ከነአባታቸው ስም፣ ረጋ ብለው፣ ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ እንደሚመልስ ሰው ተናገሩ።

«አንዴ ይድገሙልኝ፣ እትዬ» አልኳቸው።

«አልያዘውም እንዴ?»

ስልኩ ይዞታል። እንዲደግሙት የፈለግኩት ለራሴ ነው።